የዋሴ አስተርጓሚ

የስደቱን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ከአገሩ የወጣበትን ሌሊት በዝርዝር ያወራል። ጨረቃዋ እንዴት እንደነበረች፣ እናቱ ምን እንዳለች፣ የጎረቤት ውሻ ስንት ጊዜ እንደጮኸ። እኔ ከላሊበላ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ዝርዝሩን ግን ልነግራችሁ አልችልም፤ ሰክሬ ነበር። የመሄዴን ታሪክ የሰማሁት ጀርመን ከገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከባለቤቴ ከጥሩሰው በስልክ ነው። እንደ ሌላ ሰው ወሬ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩት።

እንደ እሷ አባባል፣ ለመሸኛ ተብሎ የተጠመቀውን ጠላ ከጎረቤቱ ሁሉ ቀድሜ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ጠጅ ቤት ሄጄ ጓደኞቼን ተሰናበትኩ፤ ያልተሰናበትኩት ሰው እንዳይቀር ብዬም ደግሜ ሄድኩ። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ዘበኛውን አቅፌ አለቀስኩ። ሻንጣ የሚፈትሸውን ሰውዬ መረቅኩት። ጥሩሰው ጋ ስደርስ ግን ክንዷን ይዤ ጎተትኳት። «ምን ቆመሻል፣ አውሮፕላኑ እኮ ሄደብን!» አልኳት። አብራኝ የምትሄድ መስሎኛል። ፈታሾቹ ሲለያዩን እንኳ «ባለቤቴ ናት፣ ትኬቷ እኔ ጋ ነው» እያልኩ ተከራከርኩ። ትኬት አልነበራትም። እንግዲህ ዘበኛውንና ፈታሹን በወጉ ተሰናብቼ፣ ሚስቴን ሳልሰናበት ሄድኩ።

«አልስቅ ነገር፣ አላለቅስ ነገር፣ ሰው ሁሉ እያየኝ እዚያ በር ላይ ቆምኩ» አለችኝ። «ሞላ፣ እንዲያ ሆኜ ሁለተኛ አልቆምም።»

የመጣሁበት ዋናው ሐሳብ እሷን ለማምጣት ነበር። አስጎብኚ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመት ጀርመኖችን ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ሳመላልስ ቋንቋቸውን ከነሳላቸው ለመድኩት። ማታ እንግዶቹ ይጋብዙኛል፤ ሥራዬ ነው እያልኩ ጠጣሁ። እንግዳ በጠፋበት ክፉ ጊዜ ደግሞ እንግዳ ስለጠፋ ጠጣሁ። በመጨረሻ አንዲት የድሮ እንግዳዬ መንገዱን ነገረችኝና አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት በሠልጣኝነት ተቀበለኝ። ሄጄ እደላደላለሁ፣ ከዚያ ለጥሩሰው ወረቀት እልካለሁ፣ እሷ ፈርማ ትመጣለች ብለን ነበር።

«ወረቀቱን ላከው፣ አልከለክልህም» አለችኝ አሁን። «ግን አልፈርምም። ዓመት ሙሉ አፍህን ሳታስነካ ትቆያለህ። አንተው ነገርኸኝ ብዬ ደግሞ አላምንም፤ ዋስ ትጠራለህ።»

«ጀርመን አገር ዋስ ከየት ላምጣ?»

«እሱን አንተ እወቅ። መቼም ሰው የሌለበት አገር አልሄድኸ።»

አልፈረድኩባትም። አገሬ ሳለሁ ከመጠጥ ያልተገዘትኩበት ጊዜ የለም። የንስሐ አባቴ፣ የገነተ ማርያሙ አባ ተክሌ፣ መጀመሪያ «ጠጅ እንዳትቀምስ» ብለው ገዘቱኝ፤ አረቄ ጀመርኩ። አረቄውን ሲገዝቱ ወደ ጠላ ዞርኩ። ጠላውን ሲጨምሩበት ቢራ ያዝኩና «አባቴ፣ ቢራን እኮ አልጠሩትም» አልኳቸው። እሳቸውም መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ «ልጄ፣ እኔ አንተን ብዬ እንጂ የመጠጥ ዝርዝር ላወጣ አልመጣሁም» አሉኝ። ይህን ሁሉ ጥሩሰው አጠገቤ ቆማ አይታለች። ያን ቀን ስልኩን ዘግቼ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ? ንዴቴን ለማብረድ ቢራ ገዛሁ።

የከተማዋን ስም ብነግራችሁም አታስታውሱትም፤ ትንሽ ናት። ብርዱ አላስፈራኝም፤ ላስታ ደጋው ላይ፣ ሙጃ ነው የተወለድኩት። እኛ ዘንድ ግን ብርዱ ውጭም ውስጥም አንድ ነው፤ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ይኖራል። እነዚህ ደጁ በረዶ ለብሶ ቤታቸውን ቆላ ያደርጉታል። ዳቧቸው ለግንብ ሥራ ይሆናል። ሰላምታቸው አንድ ቃል ነው፤ «እንዴት ነህ» ብለው መልሱን ሳይጠብቁ ያልፋሉ። እኛ ሙጃ ላይ ከሰላምታው ሳንወጣ ገበያው ይፈታል። ቢራ ግን የሌለበት ቦታ የለም። ነዳጅ ማደያ ውስጥ ተደርድሮ ሳየው ሻጩን «ይህ ለመኪናው ነው ለሹፌሩ?» ብዬ ጠየቅሁት። አልሳቀም። «ለደንበኛው» አለኝ። ደንበኛ ሆንኩ።

ሥራዬ አዛውንቶችን ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት ነው። አንድ ቀን ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ አንዱን ሽማግሌ ካልሲ ሳለብስ፣ የክፍሉ ኃላፊ ነርስ፣ ሽቬስተር ጋቢ የሚሏት፣ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ሄር ካሳው፣ መጠጥ መጠጥ ይሸታሉ» አለችኝ፤ በአንቱታ።

ሄር ማለት አቶ ነው፤ ካሳው ደግሞ አባቴ ነው። እዚህ አገር ሰውን በአባቱ ስም ነው የሚጠሩት። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከማኅበር ጽዋ በቀር ምንም ያልቀመሰ ሰው ነበር፤ ዛሬ በጀርመን መዝገብ ላይ ሰካራሙ ካሳው ተብሎ ተጽፏል። ይህን ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

አገሬ ቢሆን ወይ ያባርሩኛል ወይ ጠበል ይወስዱኛል። ጋቢ ግን ተርሚን ያዘችልኝ። ተርሚን ማለት ቀጠሮ ነው፤ ያለ ተርሚን መሞት እንኳ የሚፈቀድ አይመስለኝም። የተቀጠርኩበት ቢሮ ሱኽትበራቱንግ ይባላል፤ የሱስ ምክር የሚሰጥበት ነው። መነጽር ያደረገ ወጣት አማካሪ ቅጹን ዘርግቶ ጠበቀኝ።

«ምን ምን ይጠጣሉ?»

«እዚህ ቢራ፣ በየቀኑ። አገሬ ሳለሁ አረቄ፤ እንግዳ ሲኖር ደግሞ ጠጅ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ጠላ ብቻ።»

ብዕሩን አነሳ። «ጠላ ምንድን ነው?»

«ምግብ ነው።»

«ከምን ይሠራል?»

«ከገብስ፣ ከብቅል፣ ከጌሾ።»

«ይህማ ቢራ ነው፣ ሄር ካሳው።»

«ቢራ ያሰክራል።»

«ጠላ አያሰክርም?»

«ከበዛ ነዋ።»

«ስንት ሲሆን ነው የሚበዛው?»

ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ለመመለስ ስሞክር እዚያው ወንበሩ ላይ አፈርኩ፤ ከልቤ አፈርኩ። የማስታውሰው ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ዋንጫ ነው፤ የመጨረሻውን የሚያስታውሱት ሌሎች ናቸው።

አማካሪው አንድ አድራሻ ጻፈልኝ። መጠጥ የተዉ ሰዎች ተሰብስበው የሚረዳዱበት ቡድን ነው፤ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ሐሙስ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት። ሄድኩ። በሩ ላይ ምንም ምልክት የለም። ለካ የመጣ ሰው እንዳይታወቅበት ሆን ብለው ነው። ምድር ቤቱ መብራት አለው፤ ገባሁ። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ቆመዋል። አንዲት ሴት ፈገግ ብላ ወረቀት ሰጠችኝና ድምፄን ሰምታ ከኋላ፣ ወፍራም ድምፅ ካላቸው ጋር አቆመችኝ። መዘመር ጀመሩ። እኔ ማኅሌት ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሰካራምን በዜማ ማዳን ቢሞክሩ ደግ ነው አልኩ። አንድ ሰዓት ተኩል አብሬ ዘመርኩ፤ እንዲያውም ጎበዝ ተባልኩ። ዝማሬው ሲያልቅ አንዱ ሳጥን ጎትቶ አመጣና ቢራ ማደል ጀመረ። የተጠራጠርኩት ያኔ ነው። የሰፈሩ መዘምራን ናቸው። የእኔ ቡድን ፎቅ ላይ ነበር። ቢራውን ግን፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ጠጥቼ ነው የወጣሁት።

በሳምንቱ ፎቅ ወጣሁ። ሰባት ወንበር፣ አንድ ፔርሙዝ ቡና፣ አንድ ሳህን ብስኩት። እኛ አገር የጽዋ ማኅበር መሪ ሙሴ ይባላል፤ የዚህ ማኅበር ሙሴ ኡርሱላ የምትባል ጡረተኛ አስተማሪ ናት። ከጎኗ ሄልሙት አለ፤ ሰባ ዓመት ያለፈው የአውቶቡስ ሹፌር፣ መዳፉ እንደ አካፋ የሰፋ። እዚያ ሁሉም በመጀመሪያ ስሙ፣ በአንተና በአንቺ ነው የሚጠራው። ሽማግሌን አንተ ማለት አቃተኝ። አንቱ ስለው ይቆጣል። በኋላ «ጋሼ ሄልሙት፣ አንተ» በማለት ታረቅን። ጋሼ ማለት ማዕረግ መስሎት በጣም ደስ አለው።

ማኅበሩ ግን ግራ የሚያጋባ ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። በእኛ ማኅበር ሁሉም ይናገራል፤ የሚያዳምጠው ቅዱሱ ብቻ ነው። ከዚያ ደግሞ እያንዳንዱ ስሙን ይናገርና «የአልኮል ሱሰኛ ነኝ» ይላል። እኛ ዘንድ ሰው ራሱን ሰካራም አይልም፤ ይህን የሚልለት ጎረቤት አለው። አራት ሐሙስ «ሞላ እባላለሁ» ብቻ እያልኩ ብስኩት በላሁ። በአምስተኛው ሐሙስ ቀሪዋን ጨመርኳት። ማንም አልደነገጠም። ይህ ትንሽ አናደደኝ። ስናገረው የምሞት መስሎኝ ነበር እኮ። ቤቴ ስገባ ግን ሳልጠጣ ተኛሁ፤ በማግስቱም አልጠጣሁ። የየካቲት መጨረሻ ነበር፤ የጥሩሰውን ዓመት ከዚያ ቀን ጀመርኩ።

ቀረ ዋሱ። አንድ ያገር ሰው፣ የኮን ተወላጅ፣ በባቡር አንድ ሰዓት ርቆ ይኖራል። ዋስ እሆንሃለሁ አለኝ፤ ሰክሮ። ስለዚህ ኡርሱላን ለመንኳት።

«የምስክር ወረቀት እፈልጋለሁ። ማኅተም ያለው።»

«እኛ የምስክር ወረቀት አንሰጥም» አለች።

«ጀርመን አገር? ውሻ እንኳ ቁጥሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በሚሄድበት አገር?»

«እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል፣ ሞላ። ማን እንደመጣም ለማንም አንናገርም።»

«ባለቤቴ ዋስ ትፈልጋለች።»

«ዋስህ አንተው ነህ» አለችኝ በጣም በፍቅር።

ይህን ለጥሩሰው ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ሳቀች። «ሴትዮዋ አታውቅህም» አለችኝ።

ወራቱ አለፉ። ክረምቱም፣ መስከረሙም። ጥሩሰው ላሊበላ ሆቴሎቹ አካባቢ የእጅ ሥራ ትሸጣለች፤ ማታ ሱቋን ስትዘጋ ትደውልልኛለች። ድምፄን ታዳምጣለች እንጂ ወሬዬን አይደለም፤ የምላሴን መተሳሰር ነው የምትፈልገው። ሲታጣ ሲታጣ ትንሽ ለስለስ አለች። አንድ ቀን «ለመሆኑ ማኅበሩ ምን ይዘህ ትሄዳለህ?» አለችኝ።

«ባዶ እጄን።»

«ኧረ ታዋርደናለህ! ዓመት ሊሞላህ ባዶ እጅህን ስትገባ ስትወጣ!»

በአንድ ጀርመናዊ እንግዳ እጅ የላስታ ነጭ ማር ላከችልኝ። «ብርዝ በጥብጥላቸው» አለች። «ጌሾ እንዳታስነካው። ብርዝ አያሰክር፤ ልጅም ይጠጣው የለ።» ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የማሩን ክዳን ከፍቼ ብዙ ጊዜ አሸተትኩት። አገሬ ናፈቀኝ፤ እሷ ናፈቀችኝ፤ ማር እያሸተተ የሚያለቅስ አስታማሚ ሆንኩ።

ጥር ላይ ጋሼ ሄልሙት ካቆመ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው። ኬኩን ሌላ ሰው ያዘ፤ የሚጠጣውን እኔ አመጣለሁ አልኩ። አምስት ሊትር በሚይዝ የፕላስቲክ ጀሪካን ብርዙን በጠበጥኩ። በዚያው ሰሞን አከራዬ ፍራው ብራንት ግድግዳው ሻግቶ እንደሆነ ልትመረምር መጣች።

«ሄር ካሳው፣ ማሞቂያውን ለምን ዘጉት?»

«አልበረደኝም፣ እመቤቴ።»

«እርስዎን አይደለም። ግድግዳውን ነው የሚበርደው።»

«ጋቢ ላልብሰው?»

«ሦስት ቁጥር ላይ ያድርጉት። መስኮቱን ደግሞ በቀን ሦስት ጊዜ ይክፈቱ።»

«በአንድ በኩል እያሞቅሁ በሌላ በኩል ልክፈተው?»

«ጌናው» አለች። ጌናው ማለት ልክ እንዲያ ማለት ነው፤ ጀርመን ክርክር የሚዘጋው በእሷ ነው።

ማሞቂያውን ሦስት ላይ አደረግሁ። ጀሪካኑ አጠገቡ ነበር። ሐሙስ ሲደርስ መንገዱ ሁሉ መስታወት ሆነ፤ ኡርሱላ ሰው እንዳይሰበር ብላ ስብሰባውን በሳምንት አራዘመችው። ሙጃ እናቴ ቤት ብርዝ ሳምንት ቢቀመጥ ያው ብርዝ ነው፤ ብርዱ ይጠብቀዋል። የማሞቂያው ነገር አልታሰበኝም። ወይም እንዲታሰበኝ አልፈለግሁም፤ ይህን እስካሁን አላወቅሁትም።

በተራዘመው ሐሙስ ጀሪካኑን ተሸክሜ ፎቅ ወጣሁ። ክዳኑን ስከፍተው እፍ አለ። ጀርመኖች ውሃ እንኳ በጋዝ ነው የሚወዱት፤ ይስማማቸዋል አልኩ። ለሁሉም ቀዳሁ። ጋሼ ሄልሙት ክራቫት አድርጓል። ሁሉም ብርጭቆውን አንስቶ ሲጠብቅ «ቆይ፣ እኛ አገር ቀጂው ቀድሞ ይቀምሳል፤ ክፉ ነገር የለበትም ለማለት ነው» አልኳቸው። ወጉን በጣም ወደዱት። ስድስት ሰው ብርጭቆውን በእጁ ይዞ እኔን ማየት ጀመረ።

ቀመስኩ። ጠጅ ነው። ጌሾ ያልገባበት፣ ገና ያልደረሰ፣ ግን ጠጅ። አንድ ጉንጭ ሳልውጥ አወቅሁት። መትፋት እችል ነበር፤ መጮህም እችል ነበር። እኔ ግን ዋጥኩት፤ ከዚያ ብርጭቆውን ቀና አድርጌ እስከ ሥሩ ጨረስኩት። «አትጠጡ!» ብዬ የጮህኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የጋሼ ሄልሙት ብርጭቆ ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር። ኡርሱላ አሸተተችው፣ ፊቷ ነጣ፣ የሁሉንም ሰብስባ መታጠቢያው ውስጥ ደፋችው። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ጀግና አሉኝ። «ባህላችሁ አዳነን» አለች ኡርሱላ። ጋሼ ሄልሙት አቅፎኝ «አሥር ዓመቴን አተረፍክልኝ» እያለ አለቀሰ። ስለ እኔም ተመካከሩ፤ ሳያውቅ የጠጣው ነው፣ አይቆጠርም ብለው ወሰኑ። እኔ ዝም አልኩ። በዚያ ማኅበር ዝም ያለ ሰው ይከበራል።

ወደ ቤት ስንሄድ ጋሼ ሄልሙት መንገድ ላይ ቆመ። «ያ ዋስ ያልከኝ ነገር» አለ። «ሕጉ የሌላውን ስም አታውጣ ነው። የራሴን ባወጣ ማንም አይከለክለኝም። እኔ ዋስ እሆንሃለሁ። ሚስትህን አገናኘኝ።»

ይህን ቃል ዓመት ሙሉ ስጠብቀው ነበር። ሲመጣ ግን አንገቴን ደፍቼ የኮቴን ቁልፍ መቆለፍ ጀመርኩ። ላስታ ውስጥ ዋስ የሚሆን ሰው ስሙን ነው የሚያስይዘው፤ ዋሱን ያዋረደ ሰው ለቅሶ ቤት እንኳ ወንበር የሚለቅለት የለም። እኔ ደግሞ ላዋርደው የተዘጋጀሁት አገር ምድሩን የማያውቅ፣ የሰባ ዓመት የዋህ ሽማግሌ ነው። አንድ ወር ሙሉ እነግረዋለሁ አልኩ። አንድ ወር ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ብስኩት በላሁ። ጥሩሰው ወረቀቱን አስሞልታ ከፊርማው በቀር ጨርሳ ነበር፤ ሱቋን ለእህቷ ልታስረክብ ነው። እንዴት ልናገር?

ዓመቱ በሞላ በመጀመሪያው እሑድ ተቀጣጠርን። ጋሼ ሄልሙት ከሰዓት በኋላ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ኬክ ይዞ መጣ። ንግግሩን በወረቀት ጽፎ አጥንቷል። ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈን ደወልን። ጥሩሰው ነጭ ነጠላ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ከጎኗ አባ ተክሌ ጥምጥማቸውን አሳምረው አሉ። አሁን ልብ በሉ፤ ዋሴ ጀርመንኛ እንጂ አማርኛ አያውቅም፣ እነሱ አማርኛ እንጂ ጀርመንኛ አያውቁም። የዋሴ አስተርጓሚ እኔው ራሴ ነኝ።

«ሰውየው ምንህ ነው?» አሉ አባ ተክሌ።

«የማኅበር ወንድሜ ነው፣ አባቴ።»

«የማን ማኅበር ነው? የሚካኤል ነው የማርያም?»

«የማንም አይደለም፣ አባቴ። ታቦት የለውም።»

«ጉድ ነው!» አሉ። «በሉ ይናገር።»

ጋሼ ሄልሙት ጉሮሮውን ጠረገ። «ሄልሙት እባላለሁ። አሥር ዓመት አልጠጣሁም። ሞላን በየሐሙሱ አየዋለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ አልጠጣም። ስሜን አስይዤ እመሰክርለታለሁ» አለ፤ ለካሜራውም አውራ ጣቱን አነሳ።

ተራው የእኔ ሆነ። «ሄልሙት ይባላል፤ አሥር ዓመት አልጠጣም» አልኩ። ይህ ልክ ነው። «በየሐሙሱ ያየኛል ይላል።» ይህም ልክ ነው። ጥሩሰው ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። ዓይኗ ውስጥ ተስፋ አየሁ፤ እንደዚያ ስታየኝ ካየኋት ስንት ዘመን ሆኖኛል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የቀረኝ፤ እሷን ከተናገርኩ ሚስቴ ትመጣለች።

«ከወር በፊት አንድ ብርጭቆ ጠጥቷል ይላል» አልኩ። «ብርዙ ፈልቶ ጠጅ ሆኖ ነበር። አውቆ ነው የጠጣው ይላል።»

ጋሼ ሄልሙት ራሱን እየነቀነቀ ይስቃል። የራሱን ቃል የምተረጉምለት መስሎታል።

አባ ተክሌ ዓይናቸውን ወደ መሬት አወረዱ። ጥሩሰው ግን ሄልሙትን ነው የምታየው። ስንት ዓመት ከእንግዳ ጋር ስትገበያይ የኖረች ሴት ናት፤ ፊት ታነባለች።

«ሰውየው እንዲህ አላለም» አለች።

«ምኑን?»

«እንዲህ የሚል ሰው አውራ ጣቱን አያነሳም። ይህን ያልኸው አንተ ነህ።»

«አዎ» አልኩ።

«ስትቀምሰው አወቅኸው?»

«በመጀመሪያው ጉንጭ።»

«ከዚያስ?»

«ጨረስኩት።»

ከጀርባዋ የሆነ ሰው በር ሲዘጋ ተሰማ። ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ ይዛለች። ከዚያ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ነገር ጠየቀችኝ።

«ጣፈጠህ?»

አልጣፈጠኝም ማለት እችል ነበር፤ ሆዴን አመመኝ፣ አፌን መረረኝ ማለት እችል ነበር። አባ ተክሌ እንኳ እንደዚያ እንድል የፈለጉ መሰለኝ።

«ጣፈጠኝ» አልኩ። «በጣም ጣፈጠኝ፣ ጥሩዬ።»

«አንድም ቀን እንዲህ ብለኸኝ አታውቅም» አለች። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «አሁን አመንሁህ። ወረቀቱን ግን ዘንድሮ አልፈርምም።»

«አመንሁህ አላልሽም እንዴ?»

«አመንሁህ እኮ» አለች። «ጣፈጠኝ አልኸ።»

አባ ተክሌ መስቀላቸውን ከስልኩ ፊት ዘርግተው ባረኩን፤ ምስሉም ጠፋ። ስልኩን ከስኳር ዕቃው ላይ አነሳሁት። ምን እንደማደርገው ስላላወቅሁ መልሼ እዚያው አስደገፍኩት።

ጋሼ ሄልሙት ተነስቶ ኬኩን መቁረስ ጀምሯል። ለእኔ ትልቁን ቁራጭ አወጣ። «እህስ?» አለኝ ፊቱ በደስታ ቀልቶ። «መቼ ትመጣለች?»

«ጋሼ» አልኩት፣ «ቢላዋውን አስቀምጥና ቁጭ በል።»